በሽርጥ የተጋረደው ጦርነት

በደርግ ጊዜ ነው፤ የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም። እኔና የመጋላ ሰፈሩ ጓደኛዬ አብዲ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በቆርኪ ጦርነት እንጫወት ነበር። የቢራ ቆርኪ የእኔ ጦር፣ የለስላሳው የእሱ።

አንድ ቀን ከግንባር ቆስሎ የተመለሰው ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ሲያየን ቆየና፣ "ሁሉን እያየ የሚዋጋ ማን አለ?" አለን። ቁጭ ብሎ ክራንቾቹን አሸዋው ላይ ተክሎ የትከሻውን ሽርጥ ወጠረባቸውና ሜዳውን ጋረደብን። እኛ ከወዲህ ተቀምጠን እናዛለን፤ ቆርኪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

"ጦሬ ወደ አሸዋው ጉብታ ይሂድ!" አልኩ።

"መልእክተኛህ ገና መንገድ ላይ ነው" አለኝ።

ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ወሬ የለም። በገንኩ። በኋላ፣ "ከጉብታው ጀርባ እንቅስቃሴ አለ" አለ።

"የማን ጦር ነው?"

"አይታወቅም።"

"እንግዲያው ተኩስ!"

ጋሽ በቀለ ለጥይት የያዘውን ጠጠር ሲያዘንበው ሰማን። ሽርጡ ሲነሳ፣ ትእዛዜ ዘግይቶ ደርሶ ኖሮ ከጉብታው ጀርባ የተበታተኑት የራሴው የቢራ ቆርኪዎች ናቸው።

"አቦ፣ የራስህን ሰው ጨረስክ እኮ!" ብሎ አብዲ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ጋሽ በቀለ አልሳቀም። ቆርኪዎቹን እያነሳ አሸዋቸውን አራግፎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"እኛም ያወቅነው ሲነጋ ነው" አለ።