ከቀብር የቀረሁባቸው ሦስት ደረሰኞች

ግብር አልከፍልም ብዬ አላውቅም። ቶሎ ከፍዬም አላውቅም። እንደ እኔ ያለን ትንንሽ ነጋዴዎች የዓመቱን ግብር የምናስታውቀው በሐምሌ ነው፤ እኔ ደግሞ መሃል ከተማ የልብስ ስፌት ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ካልደረሰ እግሬ ወደ ገቢ ጽሕፈት ቤት አይሄድም ነበር። ሰልፉ ላይ ግማሹን የሐዋሳ ነጋዴ ስለማገኘው ስንፍናዬ ስንፍና አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ በባተ በሦስተኛው ቀን እናቴ ታመመችና ሱቄን ቆልፌ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ይዣት አዲስ አበባ ሄድኩ። ከአልጋዋ አጠገብ ወለል ላይ እየተኛሁ ወሩ አለቀ። ድናልኝ ስንመለስ ነሐሴ ተጋምሷል። በማግሥቱ ላስታውቅ ስሄድ ቅጣትና ወለድ ተደምሮ ጠበቀኝ።

የነበረኝን ሁሉ ሕክምናው በልቶታል፤ ስንመለስ የተቀበልኩት የዩኒፎርም ቀብድም ግብሩንና ወለዱን ቢሸፍን እንጂ ቅጣቱን አይችልም። ቶሎ ገዢ የሚያገኝ ንብረቴ ኦቨርሎክ ማሽኔ ብቻ ነበር። እሱን ከሸጥኩ ደግሞ ቀብድ የተቀበልኩበትን የተማሪዎች ዩኒፎርም በምን ልዘምዝም? ኦቨርሎክ የሌለው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ወሬውን ሰምቶ መጣ። አስነስቶ አዳመጠውና «ድምፁ ያስላል» አለኝ። ዋጋ ሊያወርድ እንደሆነ ገብቶኝ በገንኩ፤ ግን ምን ላድርግ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቀኝ አልኩት።

በቂ ምክንያት ካለ ቅጣት እንደሚነሳ የነገረኝ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ነው። የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እናትዎ እንደታመሙ ይላል» አለኝ። «እርስዎ የት እንደነበሩ ግን አይልም።»

«ታዲያ ማን አስታመማት?»

«እኔ አምንዎታለሁ። ኮሚቴው ግን የሚያምነው ወረቀት ነው።»

እየተብከነከንኩ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ሄድኩ። ደጄ ላይ ቆመው የጠበቁኝ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቀብር ላይ ስም ሲጠሩ ሬሳው ራሱ አቤት ሊላቸው ምንም አይቀረው።

«ልጄ፣ በሐምሌ ወር ከሦስት ቀብር ቀርተሻል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ ነበርኩ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ እንኳን እግዚአብሔር ማራት። ግን ሳታስታውቂ ነው የሄድሽው። ደንብ ደንብ ነው።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። እያጉረመረምኩ የእድሩን ቅጣት ከፈልኩ። ሦስት ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡኝ፤ ገብቼ ወንበር ላይ ወረወርኳቸው።

ያነሳቻቸው እናቴ ናት። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ሳያስታውቁ ከከተማ በመውጣት ከቀብር የቀሩበት።» ከነቀኑ፣ ከነማኅተሙ። አንዱ የሐምሌ መጀመሪያ፣ አንዱ አጋማሹ፣ አንዱ የወሩ መጨረሻ ቀን። ተያየን። የዚያን ቀን ሳቃችን ከሕክምናው ያላነሰ ጠቅሟታል።

በማግሥቱ ጸሐፊውን በባጃጅ ወደ ገቢ ጽሕፈት ቤት ይዣቸው ሄድኩ። መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ።

«የእኛ እድር ያለ ጥፋቱ ሰው አይቀጣም» አሉት ወጣቱን ኮስተር ብለው። «በሐምሌ ይህች ልጅ ሐዋሳ ውስጥ አልነበረችም። ብትኖር ኖሮ ድንኳን ውስጥ አያት ነበር።»

ወጣቱ ደረሰኞቹን አገላበጠና ከት ብሎ ሳቀ። ቅጣት ለማስነሳት ቅጣት ያመጣ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገረን፤ ከዚያ የመዝገቡን ገጾች ቅጂ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዞ ለኮሚቴው አቀረበ።

ሁለት ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ተጠራሁ። ቅጣቱ ተነስቷል። ወለዱ አይነሳም ተባልኩ፤ ይሁን አልኩ። ግብሬንም ወለዱንም ከዩኒፎርሙ ቀብድ ላይ ከፍዬ ወጣሁ። እስከ ሱቄ በእግሬ ነው የሄድኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሰላም እያልኩ አለፍኩ።

ጎረቤቴ ገንዘቡን በፌስታል ቋጥሮ ሲመጣ ኦቨርሎኩ ላይ ተቀምጬ ወረፋ ለሚጠብቁ ሴቶች ቀሚስ እዘመዝማለሁ። አልተነሳሁም።

«እህቴ፣ ያው በተነጋገርነው ነው አይደል?» አለኝ።

«የሚሸጥ ማሽን የለኝም» አልኩት። «የሚዘመዘም ካለህ ግን አምጣ፤ ከእነዚህ ሴቶች ቀጥሎ ትስተናገዳለህ።»

ተቆጥቶ ሄደ። በነጋታው ጠዋት የደንበኞቹን ሱሪዎች ተሸክሞ መጣና ወረፋ ያዘ።