የሐጂ ኮት

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ኩሊ ነበርኩ። አንድ ቀን ባለቤቴን ወባ አልጋ ላይ ጣላት። በነጻ የሚያሳክም የድህነት ወረቀት ነበረን፤ ግን ወረቀት የያዘ ሁሉ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ተሰልፎ ይውላል፣ ኮት የለበሰ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ጎረቤታችንን ባለሱቁን ሐጂን ኮታቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ውሰድ፣ አቦ! ዛሬውኑ መልስ ብቻ፣ ነገ ይፈለጋል» አሉኝ። ወፍራም ሱፍ ነው፤ አንዱ ቁልፉ ጠፍቶ በቀይ ተተክቷል።

ዘበኛው እጅ ነሥቶ አስገባን። በዚያ የድሬ ሙቀት ላቤ ሲንቆረቆር ያየው ሐኪም ሚስቴን ትቶ እኔን ሊመረምር ተነሣ! «ኧረ እሷ ናት!» ብዬ በስንት መከራ ከእጁ አመለጥኩ። መርፌ ተወጋች፤ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። እፎይ!

እፎይታዬ ግን እስከ ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ድረስ ብቻ ነበር። ያን ከመሰለ ኮት ኪስ የድህነት ወረቀት መዝዤ ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ቀዩ ቁልፍ ላይ ዓይኑ ቆመ። «አለቀልኝ፣ ወህኒ ወረድኩ» አልኩ በልቤ።

ማኅተሙን አንሥቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ሐጂን ሰላም በልልኝ» አለኝ። «ኮታቸው በዚህ ሳምንት ብቻ ሲታመም ይሄ አራተኛ ጊዜው ነው።»