ሁለት ዓሣ በነጭ ባልዲ

የዚያን ቀን ወንዙ ዳር የነበርነው እኔ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ፣ ከእኛ በታች ባለው ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፒክአፕ የመጣው የመሬቱ ባለቤት ነን። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረው አልመጣም። ሌላ ሰው አልነበረም። አስቀድሜ የምዘረዝረው ምናልባት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን የሚያውቅ ቢኖር ብዬ ነው።

ትናንት የልጄን ቀሚስ ላሳጥር የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከመሳቢያ ሳወጣ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ቢያሸታት ምንም አይሸተው ይሆናል። ለእኔ ግን የወንዝ ጭቃ፣ የእርጥብ ሣርና የዓሣ ሽታ አለባት። ጫፏ ላይ የነበረችው ትንሽ ብረት ከወለቀች ቆይታለች።

ዓለሙን የዘጋው በሽታ የገባበት ስፕሪንግ ነበር፣ ዛፉ ቅጠል ሲያወጣ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት። የምሠራበት ሆቴል ተዘጋ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ኮለምበስ ከተማ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብላ ባለች አፓርታማችን ውስጥ ሁለታችን ተፋጠን እንውል ነበር። ልጄ ላፕቶፗ ፊት ትቀመጥና ካሜራዋን ዘግታ ዝም ትላለች። ምን ሆንሽ ስላት «አይም ፋይን፣ ማሚ» ትለኛለች። ያ «ፋይን» ከሳሉም ከትኩሳቱም በላይ ያስፈራኝ ጀመር።

ጎረቤታችን የወሎ ሰው ናቸው። ኤርፖርት ሰው ያመላልሱ ነበር፤ እሳቸውም ሥራ ቆሞባቸው ቤት ዋሉ። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም። አምስት ዓመት ስንጎራበት ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን ስንሰጣጥ ኖረናል። ሥጋ ግን አንድም ቀን አብረን በልተን አናውቅም፤ እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ግን በዓል ሲመጣ እሳቸው ብቻቸውን ታች፣ እኛ ላይ ነበርን።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተራርቀን እንደቆምን ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ዓሣ እኮ ባራኪ፣ የሚያርደው ሰው፣ አይፈልግም» አሉኝ። «ቢላ ሳይነካው ሐላል ነው። ለእናንተስ?»

«ለእኛም አይታረድም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ላጥምድ። ልጅቷንም አምጫት፣ ነፋስ ያግኛት። ማታ ለኢፍጣር ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ እዚሁ ደረጃው ላይ።»

ረመዳን ገብቶ ነበር። የእኛም ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የዜግነት ፎርሜን ካስገባሁ ወራት ቆጥሬ ነበር። ፎርሙ ላይ ተቀጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ደግሞ ዓሣ ያለ ሕጉ የያዘ ሰው የቅጣት ቲኬት እንደሚቆረጥለት ነግራኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሕግ ብቻዬን አልወጣውም። ስለዚህ ልጄን ጎኔ አስቀምጬ እሷ ከስልክ እያነበበች በምትችለው አማርኛ ስትነግረኝ፣ እኔ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ወንዙ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት አጥሩ በር ላይ የሰቀለውንም ሕግ ጋሼ ፎቶ አንስተው ላኩልን።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። «ከአሥራ ስድስት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። ጋሼ ፈቃድ አላቸው። እኔ የማጥመጃውን ዘንግ አልነካም። ስፕሪንግ እስኪያልቅ ሌላው ዓሣ ሁሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚያዘው ትራውት የሚባለው ዓሣ ብቻ፤ ለአንድ ሰው ሁለት፤ ከአሥራ ሁለት ኢንች ያላነሰ። በትል ማጥመድ ክልክል።»

«ሌላው ለምን ይመለሳል?» ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«እርጉዝ ናቸዋ። አሁን እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው። ትራውት ግን የሚወልደው ቅጠል ሲረግፍ ነው፤ ለእሱ አሁን ደህና ጊዜ ነው።»

«ትሉስ ምን አደረገ?»

«ትል ካየች እርጉዟም ትመጣለች። በብረቷ ግን ይበልጥ የሚታለለው ትራውቱ ነው» ብለው የሻይ ማንኪያ ጫፍ የምታክል የምታብለጨልጭ ማጥመጃ አሳዩኝ።

በሁለት መኪና ሄድን፤ በበሽታው ምክንያት። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀስ ብዬ ስለምነዳ ሦስት ጊዜ ዳር ይዘው ጠበቁኝ። ወንዙ ከከተማው ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ገና ያልተዘራ የበቆሎ ማሳ መካከል ያልፋል። ትልቅ አይደለም፤ ከሥር ጠጠሩ ይታያል። ፀሐይዋ በአዲሱ ቅጠል ውስጥ አልፋ ስለምትወርድ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ነፋሱ የከብት በረት ሽታ ያመጣል። ልጄ ውሃው ድንጋይ ላይ ሲሄድ ስትሰማ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውጥታ ኪሷ ከተተች። አየኋት።

ጋሼ በወጣትነታቸው ሐይቅ ዳር በመረብ ዓሣ ያወጡ ነበር። ዘንግ የለመዱት እዚህ አገር ነው። ከልጄ ራቅ ብለው ቆመው ያስተምሯታል።

«አትወርውሪው፣ ላኪው። ደብዳቤ እንደምትልኪ።»

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ልኬ አላውቅም።»

«ቴክስት እንደምታደርጊ በያ።»

ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

መጀመሪያ የያዘችው ትራውት አልነበረም፤ ሆዷ የተነፋ ሰፊ ዓሣ ናት። ጋሼ «እርጉዟ መጣች» አሉ። «እጅሽን አርጥቢ። በደረቅ እጅ ከያዝሻት ቆዳዋ ይላጣል።» ልጄ እጇን ነክራ ያዘቻት፤ ጎንበስ ብላ ለቀቀቻትና «ባይ፣ ማማ» አለቻት።

ቀጥሎ ጋሼ አንድ ትልቅ ትራውት አወጡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የልጄ ዘንግ ጎበጠ። ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ እንደ እርጥብ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ ትራውት። «ማሚ፣ ሉክ፣ ሉክ» አለችኝ። ሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካሁት። ልክ አሥራ ሁለት። ከዚያ ብረቷ የወለቀችበትን ጫፍ አየሁ። አንድ ጊዜ ሲተረተር በመቀስ የከረከምኩት መሰለኝ፤ ምን ያህል እንደቆረጥኩ አላስታውስም።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ቢሆንስ?»

«አሥራ ሁለት ነው ልጄ። ዓይኔ ያውቀዋል።»

«ዓይንዎን ማን ይቀበለናል?»

«ኧረ ሜትርሽን እንኳ እመኛት» ብለው ሳቁ።

ሁለቱን ዓሦች ውሃ በሞላው ነጭ ባልዲ ውስጥ አደረግናቸው። ጋሼ ሊሰግዱ ወደ ሣሩ ወጡ። ልጄ ጃኬቷን ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች። እኔ ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያኔ አንድ አረንጓዴ ፒክአፕ በማሳው መንገድ አቧራ እያስነሳ መጣ። የሚነዳው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። የወንዝ ተቆጣጣሪ ነው አልኩ። ሜትሯን አየሁ፣ ፎርሜ ታየኝ፣ ባልዲውን አንስቼ ወንዙ ውስጥ ደፋሁት።

የልጄን ዓሣ ብቻ መመለስ እችል ነበር። የጋሼ በደንብ ትልቅ ነው፤ መለካትም አያስፈልገውም። በዚያች ደቂቃ ግን ሁለቱም ለእኔ አንድ ጥፋት ነበሩ። ትልቁ ወዲያው ጠፋ። ትንሹ እግሬ ሥር ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ሄደ።

ሰውዬው የመሬቱ ባለቤት ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ፣ ማስኩን አድርጎ፣ ቀናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጄ ጃኬቷን እንደያዘች ባልዲውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ጋሼ ከስግደታቸው ሲመለሱ ባዶውን ባልዲና የራሰውን ጫማዬን አዩ። ወደ ሰውዬው ዞረው፣ «ቱደይ ፊሽ ፋስቲንግ» አሉት። «ላይክ ሚ።»

ሰውዬው ስቆ፣ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

«ሊጋል ነበር እኮ» አለች ልጄ። «አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል። ዋይ?»

ባዶውን ባልዲ አነሳሁ። ጋሼ «ተያት፣ ሸጋዬ» አሏት። «እናትሽ ስለ አንቺ ነው የፈራችው። ወንዙ የትም አይሄድ። በሚመጣው ቅዳሜ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።» ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም፤ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙት ለዚያች ሳህን ብለው ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ በተምር አፈጠሩ። እኔ እንደ ሁልጊዜው የምስር ሾርባ አወረድኩላቸው። ከእኔ በታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጠጡና እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ልጄ ማስመሪያዋን ይዛ ወጣች። ሜትሯን ከጎኑ ዘረጋቻት። አሥራ ሁለቱ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ገጠመ። ሜትሯን ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ጣለና ወንዙ ደፈረሰ። ከዚያ በኋላ የነበረውም እንዲሁ። ረመዳን ወጣ። ሰመር ሲገባ ልጃቸው መጥቶ ብቻቸውን አይሆኑም ብሎ ወሰዳቸው። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ዘንጋቸው በራችን ላይ ተደግፎ አገኘሁት፤ እጀታው ላይ የልጄ ስም በአማርኛ ተጽፎበታል። ልጄ አማርኛ ፊደል የጀመረችው ያን ጽሑፍ ለማንበብ ብላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስልካቸው ይነሳ ነበር፤ አንድ ቀን ስደውል ቁጥሩ አይሠራም የሚል የእንግሊዝኛ ድምፅ መለሰልኝ።

ዜግነቴን አግኝቻለሁ። ስለ ዓሣ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ በራሴ ስም ፈቃድ አወጣሁ፤ ባለፈው ቅዳሜም ከልጄ ጋር እዚያው ወንዝ ሄድን። አሁን ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። እሷ አንድ፣ እኔ አንድ ትራውት ያዝን። በዚያችው ሜትር ለካኋቸው፤ ይህን ጊዜ ሳልጠራጠራት። የእሷን ጠብሰን በላን። የእኔ ለጋሼ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጧል።

ጋሼ፣ ኮለምበስ ኤርፖርት ሰው ያመላልሱ የነበሩ፣ ሲስቁ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ፣ በግራ እጃቸው የሚያጠምዱ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው የወሰዳቸው ወደ ሚኒሶታ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ያሉበትን የምታውቁ፣ ወይም ደህና መሆናቸውን የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።