የሌቲስ ፊት በቀይ ጠመኔ

ኬዝያ ቲሊ ቀይ ትኩሳት የሚባል በሽታ የገደላትን ልጇን ሌቲስን የቀበረች ጊዜ፣ ከልጅቷ መልክ የቀራት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ያኔም ለንደን ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺ ሞልቶ ነበር፤ ወላጆቿ ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ልጅቷ አለፈች። ወረቀቱ ላይ የነደፋት አባቷ አምብሮዝ ነው። በየወሩ በመጽሔት ለሚወጣ ልብወለድ ሥዕል ይሠራ ነበርና፣ መስኮት ሥር አስቀምጧት የታሪኩን ዋና ገጸ ባሕርይ በእሷ አምሳል ሠራት። አገሩ ሁሉ ወደዳት።

ልጅቷ ሞተች፤ ታሪኩ ግን አልሞተም፤ በየወሩ ፊቷን ይጠይቅ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። የንድፉን ጀርባ ቀይ ጠመኔ ይቀቡታል፤ ልሙጥ እንጨት ላይ አንጥፈው በአጥንት ወስፌ መስመሩን እየተጫኑ ይከተሉታል፤ ፊቷ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀራጩ ይፈለፍለዋል፤ እንጨቱም ቀለም ተቀብቶ እንደ ማኅተም ወረቀት ላይ ያርፋል። ታትሞ ሲመጣም ግራው ቀኝ ሆኖ ነው። ኬዝያ መጽሔቱን አይታ፣ "ይቺ የኔ አይደለችም፤ የኔዋ ምልክቷ በግራ ጉንጯ ነው" ብላ ወረወረችው።

እንግዲህ ያለቻት ወረቀቷ ናት። ወረቀቷም በየወሩ ወስፌ ሲሄድባት እየሳሳች ሄደች።

"አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ቀብረናት የለም? በየወሩ ምን ትወጋታለህ?"

"በቃሌ ልሥላት ሞከርኩ እኮ፣ ኬዚ። በሌላ ወረቀትም ገለበጥኳት። አልሆነም።"

አልሆነም ያለው ደራሲው ሚስተር ሃክስብል ነበር። አዲሱን ሥዕል ይዞ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ቲሊ፣ ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት? የኔዋ ልጅ የት ሄደች?" ብሎ ሳቀ። መሞቷን አያውቅማ።

"አፈር ውስጥ ናት፣ ጌታዬ" አለችው ኬዝያ።

ሰውየው ደነገጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። "አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ቲሊ" አለ። ቀጠል አድርጎም፣ "ንድፉ ግን አለ አይደል?"

የቀረው የታሪኩ የመጨረሻ ክፍል፣ የባለታሪኳ ሠርግ ነበር። አምብሮዝ ያንን ቢተው ዳግመኛ ለሥራ የሚጠራው የለም። ኬዝያ ወረቀቷን ሽርጧ ሥር ደብቃ ሰነበተች። ከሰሉ አለቀ፣ ዳቦው አለቀ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አውጥታ ሰጠችው።

"ቀስ በልላት" ብቻ አለች።

ቀስ አለ። ወስፌው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ተበሳ፤ ላቃና ሲል እስከ አገጯ ተቀደደ።

ኬዝያ ሙጫ አመጣች። አብረው አጣበቁት፤ አፏ ተጣመመ። አምብሮዝ እርሳሱን አንሥቶ የከንፈሯን መስመር ሞከረ።

"ላይኛው ከንፈሯ እንዴት ነበር? አንቺ መቼም ታስታውሻለሽ፣ እናት ነሽ።"

ዓይኗን ጨፈነች። የልጇ ሳል ተሰማት፣ ደረጃው ላይ የምትሮጥበት ኮቴ ተሰማት፤ ፊቷ ግን አልመጣ አለ።

"እንደዚያው ነበር፣ አሁን እንደሣልከው" አለችው።

እሱም አምኗት መሣሉን ቀጠለ።