እትዬ ዝጉት እና የጋራ ሊፍታችን

ጠዋት ማታ መግቢያው ላይ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ "ዝጉት!" እያለች ስለምትጮህ፣ እሷ በሌለችበት ሁላችንም እትዬ ዝጉት ነው የምንላት። ሆቴል ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ቆማ ትውላለች፤ ስትመለስ ደግሞ ሊፍት ስትጠብቅ ትቆማለች። ቤቷ መጨረሻ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው።

ሊፍታችን ዕድሜ ጠግቧል። የሚታጠፍ የብረት በሩ በእጅ ጥርቅም ተደርጎ ካልተዘጋ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ይህን ያወቀ ነዋሪ ሁሉ ቶሎ ተመልሶ መውረድ ሲያምረው በሩ መሀል አንድ ነገር ሸጉጦ ቤቱ ይገባል። ሊፍቱ እሱን ይጠብቃል፣ እኛ ሊፍቱን እንጠብቃለን። ነገሩ እንዲቀር ተሰብስበን በሙሉ ድምፅ ወስነናል፤ አጨብጭበናል ሁሉ። ከስብሰባው ስንወጣ ሊፍቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ በጡብ ተይዞ ጠበቀን።

ጡቡ የማን እንደሆነ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። አምስተኛ ፎቅ የሚኖር የኢንሹራንስ ሠራተኛ አለ፣ ባለጡቡ እንለዋለን። የአራተኛ ፎቋ መምህርት የምትሸጉጠው የተጠቀለለ መጽሔት ነው። እትዬ ዝጉት ያገኘችውን ሁሉ እየነቀለች መግቢያው አጠገብ ያለው መስኮት ላይ ትደረድረዋለች፣ ባለቤቱ በሰው ፊት አፍሮ እንዲያነሳው። መምህርቷ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቃ ነው መጽሔቷን የምትወስደው። ባለጡቡ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይመጣል።

"እትዬ፣ ለሁለት ደቂቃ እኮ ነው። መንታ ልጆች ታቅፌ ደረጃ ልውጣ?"

"የሁሉም ሰው ሁለት ደቂቃ ነው" ትለዋለች። "የኔ ሰውዬ ግን እግሩ ነው!"

ይህን የምትለው ለጨዋታ አይደለም። ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስኳር አለበት፣ ግራ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጥቶበታል። ክሊኒክ እየሄደ ይታጠብለታል፣ እንደገና ይታሸጋል። ደረጃ መውጣትና መውረድ ተከልክሏል። ሐኪሙ ደግሞ ቀጠሮ እያሳለፉ ከቀጠሉ እግሩን ከመቁረጥ ሌላ መላ እንደማይኖር ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። አንዱ ቀጠሮ አልፎታል፣ ሊፍቱ በጡብ ተይዞ። ባለጡቡ ከልቡ አዝኖ ይቅርታ ጠየቀ። ጡቡን ግን አልጣለም።

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢኖርብን በስንት ጣዕሙ! እሱን ነጥለን እየረገምን እንኖር ነበር። የኛ ሕንፃ ግን የሞላው ደግ ሰው ብቻ ነው። ለሰውዬው እግር ብርቱካን ይዘው ይጠይቃሉ፣ ሲመለሱ ይሸጉጣሉ። ለምን ብትላቸው "እኔ ብዘጋውስ ሌላው መቼ ይዘጋዋል?" ይሉሃል። ሁሉም እንዲህ ይላል፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ሊፍቱም አይመጣም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ጠዋት እትዬ ዝጉት ባሏ ቆሞ እንዳይጉላላ ብላ ቀድማ ወረደችና ታክሲ ጠርታ መጣች። እኔ የጋዝ ሲሊንደር ይዤ፣ ባለጡቡ ከሚስቱና ከመንታ ልጆቹ ጋሪ ጋር፣ መግቢያው ላይ ተኮልኩለናል። ሊፍት የለም።

"ዝጉት!" አለች ወደ ላይ። ዝም። "ዝጉት እኮ ነው የምላችሁ!" ዝም።

"ዛሬ እንኳ እኔ አይደለሁም" አለ ባለጡቡ፣ ዕድሜ ልኩን ንጹሕ ሆኖ የኖረ ይመስል።

ደረጃውን ተያያዘችው። እኔ ሲሊንደሬን ጥዬ፣ ባለጡቡ ሚስቱን ከልጆቹ ጋር ታች ትቶ ተከተልናት። በየፎቁ በር ታንኳኳለች፣ በየፎቁ ይምላሉ። መምህርቷ መጽሔቷን አምጥታ አሳየች። አምስተኛን አለፍን። ስድስተኛ ፎቅ ስንደርስ ሊፍቱ አፉን ከፍቶ ቆሟል። በሩ መሀል የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የግራ እግር ጫማ ተሸጉጧል።

ባሏ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ምርኩዙን ይዞ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የቀኝ እግሩ ጫማ ተጫምቷል። የታሸገው ግራ እግሩ ጫማ ስለማይገባበት ያኛው ሥራ ፈት ነበር።

"ምን ላድርግ?" አለ ቀና ብሎ ሳያያት። "ባለፈው ጠብቀን ጠብቀን ቀረን። ታክሲ ይዘሽ እስክትመጪ፣ ለሁለት ደቂቃ ነው።"

ባለጡቡ ሳቁ አመለጠው። "በይ እንግዲህ እትዬ፣ መስኮቱ ላይ ይደርደር!"

ሰውዬውን ደግፋ ታስገባዋለች ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን አስገባው ነበር። እሷ ግን ጫማውን ነቀለችና በሩን ከውጭ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ሊፍቱ ባዶውን ወረደ።

"ምን ማድረግሽ ነው እትዬ? ቀጠሮው!" አልኳት።

"ታች ልጆች የያዘች ሴት እየጠበቀች ነው" አለች። ጫማውን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ሊፍቱ ታች ደረሰ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ መውጣት ጀመረ። ከሥራችን፣ አምስተኛ ላይ ቆመ። የጋሪው ጎማ ሲወጣ ሰማን። ቀጥሎ ጡብ ብረት ላይ ሲያርፍ ሰማን። ያን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?

ታች ባለታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል። ሽማግሌው የታሸገ እግሩን ያያል። እትዬ ዝጉት አልጮኸችም። ባለጡቡ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ዝጊው!" ብሎ በደረጃው ቁልቁል ጮኸ።

"ለሁለት ደቂቃ እኮ ነው!" አለች ሚስቱ።

"ዝጊው አልኩሽ!" ደረጃውን እየዘለለ ወረደና ጡቡን ራሱ ነቅሎ፣ ሊፍቱን ራሱ ይዞት መጣ። ቀጠሮው ላይ ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ታረምን ብዬ አልዋሽም። ጡቡ ለትንሽ ቀን ጠፋና ተመለሰ። ጫማው ግን እትዬ ዝጉት መስኮቱ ላይ እንዳስቀመጠችው ቀረ። አንሺው ብንላት "ሲድን ራሱ ያነሳዋል" አለች። አቧራ ጠጣ። ሊፍት ስንጠራ ላለማየት ፊታችንን እናዞራለን፤ የሰውዬው እግር እዚያ የተቀመጠ ይመስለናል።

አንድ ቀን ከክሊኒክ ተመለሱ። ፋሻ የለም፤ ግራ እግሩ ነጠላ ጫማ ውስጥ ነው። ሰውዬው መስኮቱ ጋ ሄዶ ጫማውን አነሳ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አጠለቀው። ማሰሪያውን ሲያስር እጁ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እትዬ ዝጉት ሊፍቱን ጠራች። አልመጣም። አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ስትከፍት ትከሻዋን ያዛት።

"ተይው" አላት። "ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፣ በእግሬ ልሞክረው።"

አንድ ደረጃ ወጣ። ሌላ ወጣ። እሷ ምርኩዙንና ነጠላ ጫማውን ታቅፋ ከኋላው፣ እንባዋ እየወረደ፣ በየፎቁ በር እያንኳኳች ትጮኻለች፦

"አትዝጉት! ያዙት! እንደፈለጋችሁ አድርጉት!"