መቀመጫውን ጆሃንስበርግ ያደረገ

ከሆሳዕና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግረኝ ደላላ «ለማንም እንዳትናገር» ስላለኝ የጎረቤት ውሻ እንኳ እንዳይሰማኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ያኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ጆሃንስበርግ አጠገብ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ሳሙና እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ስሜን አያውቁም፤ ለእነሱ ሁላችንም ሐበሻ ባለሱቆች «ማይ ፍሬንድ» ነን። ሰኔ እዚህ ዝናብ የለውም፣ አጥንት የሚሰብር ደረቅ ብርድ ብቻ። ፓፕ የሚሉትን ገንፎ በጎረስኩ ቁጥር ቆጮ ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ ያገራችን ሰው ሱቃችን መጣና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ዘረጋ፦ «መቀመጫውን ጆሃንስበርግ ያደረገ የስደተኞች ማኅበር»። የጥገኝነት ወረቀታችንን ዋናውን ሰብስቦ ሊያሳድስልን ነው። አማርኛው ጥርት ያለ፣ አንድ ፊደል ያልተሳሳተ! ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ አማርኛ ሳይ ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠሁት። የሱቅ ሸሪኬ ላምቤቦ ግን ወረቀቱን ከኪሱ አላወጣም።

ሰውዬው እንደሄደ፣ «ቲቸር» አለኝ ላምቤቦ፤ አፉን የፈታው በሀዲይኛ ነው። «መቀመጫውን ያደረገ ምን ማለት ነው?»

«ዋና ቢሮው እዚያ ነው ማለት ነው። ከመቀመጥ የመጣ ነው። በግዕዝ ነበረ ማለት ራሱ ተቀመጠ ማለት ነው፤ መንበርም ወንበርም ከዚያ ነው የወጡት።»

«በአማርኛ ግን ነበረ ያለፈ ነገር አይደል እንዴ? ተነስ፣ ወንበሩን እንየው።»

በታክሲ ጆሃንስበርግ መሃል፣ የሐበሻ ሱቆች ወደሞሉበት ጀፕ ሄድን። በደብዳቤው አድራሻ ያገኘነው የብርድ ልብስ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ያገራችን ሴት ናት፤ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችን።

«ፖሊስ ናችሁ?»

«ኧረ እኛም ፖሊስ እንፈራለን። ማኅበሩን ፈልገን ነው።»

«የምን ማኅበር? አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሁለት ቀን እዚህ በር ላይ ስልክ ሲያወራ ነበር። ወንበር ብሰጠው እንኳ አልተቀመጠም።»

ላምቤቦ ሳቀ።

ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። «መጥፋቱን ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግብ» አሉኝ። ጣቢያ ስሄድ ፖሊሱ፣ «መጀመሪያ ወረቀትህን አሳየኝ» አለኝ።

ትናንት የመጀመሪያ ልጄ ጽጌ ከሆሳዕና ደወለች። «አባዬ፣ ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ትመጣለህ አይደል?»

ያለ ወረቀት ብወጣ መመለሻ የለኝም። ይህን እንዴት ልንገራት?

«እስቲ እናያለን፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ አንተ እናያለን ስትል አይሆንም ማለት ነው» አለችኝ።