ቁመትና አንድ ስንዝር

የጋሽ ዩሱፍ የእንጨት ሥራ ቤት ጭሮ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ቀን መጋዝ አላስጨበጡኝም። ጫማዬን አስወልቀው የበሩ መቃን ላይ አቆሙኝና በሜትር ለኩኝ። የሥራ ልብስ ሊያሰፉልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ከአናቴ በላይ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አንድ ስንዝር ጨመሩ። «ያንተ አልጋ ይህን ያህል ነው። ከዚህ ባነሰ ላይ ከተኛህ ተጣጥፈህ ነው የምታድረው» አሉኝ።

ሙያው በዚያው ቀን ተነገረኝ። የአልጋ ርዝመት ቁመትና አንድ ስንዝር ነው። ወርዱ፣ ሁለት እጅን ከራስ ሥር አድርገው ሲተኙ ክርን ከጠርዝ የማይወጣበት ነው። ከፍታው ደግሞ ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ ተረከዝ መሬት የሚነካበት። መላጊያና መሮ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ጋሽ ዩሱፍ እጅግ ረጅም ሰው ነበሩ። መጋዙን የሚሰቅሉበት ምስማር ልክ በአናታቸው ከፍታ ተመትቶ ነበር። እኔ ለመስቀል በጣቴ እቆም ነበር፤ እሳቸውም እያዩ ይስቁብኛል።

አንድ ጊዜ ከመሰላ የመጣ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ገባ። የተጠናቀቀ አልጋ አይቶ ሊሞክረው ጋደም አለ። እኔም ሥራ የገባኝ መስሎኝ ሜትሬን መዝዤ ከአናቱ እስከ ተረከዙ ዘረጋሁ። ሚስቱ በኮሌታው ጎትታ አስነሣችውና ደህና ዋሉም ሳይሉን ወጡ። ጋሽ ዩሱፍ አልተቆጡኝም። ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ብቻ ነው፣ ክርስቲያኑ ለሣጥን፣ ሙስሊሙ ለቀብር፣ ሕያው ሰው ቆሞ ነው የሚለካው አሉኝ። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ስሆን እናቴ ይህንኑ ስትል ሰምቼ ነበር፤ ግን ከአልጋ ጋር አላገናኘሁትም።

ደንበኛ ስለ ገላው አይጠይቅም። ከሂርና የመጣ ጫት ነጋዴ ከሥሩ ጆንያ እንዲገባ አልጋው ከፍ ይበልልኝ አለ። ጋሽ ዩሱፍ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እግሩ ሲንጠለጠል አሳዩት። አልሰማም። ብዙም ሳይቆይ መውጫ በርጩማ ሊያሠራ መጣ፤ ሠራንለት። የበደሳዋ የሙሽራ እናት ደግሞ ወርዱ ክፍሉን ይሙላው እንጂ ርዝመቱማ የታወቀ ነው ብለውናል። የታወቀ የሚሉት የስፖንጅ ፍራሹን ርዝመት ነው። ረጅሙም አጭሩም ፋብሪካ በቆረጠው ልክ ነው የሚተኛው።

ከዚያ የብረት አልጋ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ እየተጫነ መጣ። ሁሉም አንድ ልክ፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። መቃኑ ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው እየጠፋ ሄደ። በቀን አንድ ሰው ቢመጣ የወንበር እግር ሊያስጠግን ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ጋሽ ዩሱፍ ግን ጠዋት ጠዋት መቃኑን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር፤ ይህን ማየት ከሥራ ማጣቱ ይበልጥ ያመኝ ነበር።

እሳቸው ራሳቸው ምን ላይ ይተኙ እንደነበር ልንገራችሁ። ለአንድ አጭር ሙሽራ ተሠርቶ ሠርጉ ሲፈርስ የቀረ አልጋ ነበር። ለጊዜው ብለው ቤታቸው ወሰዱት፤ አረጁበት። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። ጠዋት ስገባ «አከም ቡልተን?» እላቸዋለሁ፣ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። «ነጋ» ይሉኛል፣ ሰላም ነው። ጉልበታቸው ግን እስከ ረፋዱ ድረስ አይዘረጋም ነበር።

አንድ ቀን ቫርኒሽ ሲቀቡ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ እዚያው አጭር አልጋ ላይ ተኙ። ግርጌውን አውልቄ በርጩማ አስጠጋሁ፤ በርጩማው ይንሸራተታል፣ ተረከዛቸው ጠርዙን ሲያሽ ቆሰለ። ቁስሉን ያየሁ ቀን ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። የአገሩን ሰው ሁሉ አልጋ የሠራ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ።

ጥሩ የዋንዛ ጣውላ ፈልጌ ገዛሁ፤ የጎኑንም የርብራቡንም። ልክዎን ልውሰድ ብዬ ሄድኩ። ምላሳቸው ተሳስሮ ስለነበር ቃሉ እየቆየ ነው የወጣው።

«ተኝቼ አልለካም። እነሣለሁ። ኢንሻአላህ መቃኑ ላይ ቆሜ ትለካኛለህ።»

ልካቸውን በዓይኔ አውቀዋለሁና ዝም ብዬ ልሥራው ስል ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ እስከ በር ሸኙኝ።

«ልጄ፣ ሳትለካው ሠርተህ ካመጣህ እኮ አይነሣም ብለን መፍረዳችንን ያውቃል። እስኪቆም ጠብቀው።»

ጠበቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እየሄድኩ አከም ቡልተን እላለሁ፣ እሳቸውም ነጋ ይላሉ። ፊታቸው እየከሳ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ እየደረቀ ሄደ። እንደማይቆሙ እኔም አውቃለሁ፣ እትዬ ፋጡማም ያውቃሉ። እሳቸውም የሚያውቁ ይመስለኛል። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ጣውላው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ያረፉት ጠዋት ላይ ነው። ጀናዛው ሲታጠብ ቀብር ቆፋሪዎቹ ልክ ላኩልን ብለው ሰው ላኩ። የተላኩት ሽማግሌ መለኪያ ሸምበቆ ይዘው ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ እትዬ ፋጡማ ከለከሏቸው።

«እሱ ተኝቼ አልለካም ብሏል። ንጉሤ ልኩን ያውቀዋል» አሉ፤ ንጉሤ እኔ ነኝ።

ወደ እንጨት ቤቱ ሄድኩ። መጋዙን ከምስማሩ አወረድኩና ከወለሉ እስከ ምስማሩ ለካሁ። ጣቶቼን ዘርግቼ አንድ ስንዝር ጨመርኩ። ለአልጋቸው ጎን የገዛሁትን የዋንዛ ጣውላ በዚያ ልክ ቆርጬ ለሽማግሌው ሰጠሁ። ሽማግሌው ከቀብር ሲመለሱ ማስፋትም መሙላትም አላስፈለገም፣ ልክ ነበር አሉኝ። ጋሽ ዩሱፍ ስንዝራቸውን ያገኙት እዚያ ነው።

የቀረው ጣውላ አሁንም አለ፤ አንድ ጎን ስለጎደለው አልጋ አይወጣውም። እኔም ከዚያ ወዲህ አልጋ አልሠራሁም፤ በርና ወንበር እጠግናለሁ።

በዚህ ሙያ ያላችሁም፣ አልጋ ልትገዙ የምትሄዱም፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አልጋ የሚመረጠው በእግር ቆመው ሳሉ ነው። በቁማችሁ ተለኩና አንድ ስንዝር ጨምሩ፤ ከተኛችሁ በኋላ የሚለካችሁ ለሌላ ነገር ነው።